ዶክተር እምሩ አምቡላንስ ላይ የዋለበት ዓመት

ዶክተር እምሩ ሥራ የጀመረው በጁላይ የመጀመሪያ ቀን ነው። ኦክላንድ ውስጥ ወዳለው የአምቡላንስ ጣቢያችን ነጭ መኪናውን እየነዳ ገባና አምቡላንስ በሚወጣበት በር ላይ አቁሞ ወረደ። "እዚህ አይቆምም" ስለው ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አሳየኝ። "ፊዚሺያን" ይላል። ቢጫ ሰደርያ ነው፤ ከፊት ያላየ ከኋላ እንዲያየው ጀርባው ላይም በትልልቁ ተጽፎበታል። መኪናውን ግን አላነሳም። ጥሪ ሲመጣ በጎን በኩል፣ መስታወታችንን አጥፈን፣ እየተሽሎከለክን ወጣን።

እኔ ኤርምያስ እባላለሁ፤ አምቡላንስ እነዳለሁ። አብራኝ የምትሠራው፣ በሽተኛውን መንገድ ላይ የምታክመው ፓራሜዲክ የሺሃረግ ናት። አዲስ አበባ ሳለች ነርስ ነበረች። በሱዳን በኩል ተሰዳ ኦክላንድ ስትገባ የነርስነት ወረቀቷን የሚያነብላት ስላጣች አራት ዓመት የሆስፒታል ወለል ወለወለች። ከዚያ እንደገና ከሀ ብላ ተምራ ፓራሜዲክ ሆነች። አምቡላንስ ላይ ከወጣች ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጭር ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ሰው ስትንቅ እንኳ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም፤ የተናቀው ሰው የሚያውቀው ሁለት ቀን ቆይቶ ነው።

የሰውየው ትምህርት ምን እንደሆነ ልናገር። ሐኪም ሆኖ፣ ድንገተኛ ክፍል ሦስት አራት ዓመት ሬዚደንት ሆኖ ሠልጥኖ የጨረሰ ሰው፣ ከፈለገ አንድ ዓመት ጨምሮ "ፌሎው" ይባልና ከሆስፒታል ውጭ ያለውን ሕክምና ይማራል። አምቡላንስ ላይ ይወጣል፣ በሬዲዮ ለሚጠይቁት ፓራሜዲኮች ትእዛዝ ይሰጣል፣ የጻፍነውን ሪፖርት እያነበበ ይገመግማል። ዓመቱን ጨርሶ ፈተናውን ካለፈ የአንድ ካውንቲ፣ እንደ አውራጃ ያለ አስተዳደር፣ አምቡላንስ ሁሉ የሕክምና አለቃ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡን አልነቅፍም። ከእኛ ጋር ዝናብ እየመታቸው፣ በግድግዳና በሽንት ቤት መቀመጫ መሀል የተቀረቀረ በሽተኛ ተሸክመው ያወጡ ፌሎዎች አይቻለሁ። አንዷ ዛሬም ለየሺሃረግ በየገናው ትደውላለች። እምሩ ግን የመጣው ለወረቀቱ ነበር። ወረቀት የፈለገ ሰው ደግሞ መንገዱ ላይ የተኛው በሽተኛ እንቅፋት ይሆንበታል።

አባቱ ፕሮፌሰር አምሐ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት የመጡ፣ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ፍሪሞንት ጡረታ ላይ ያሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጁ እዚሁ ተወልዶ አደገ። አማርኛ ይሰማል፤ መልሱ ግን እንግሊዝኛ ነው። የሺሃረግ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር።

"የኛ ልጅ ዶክተር ሆኖ መጣልን" አለችኝ። "አንተ ደግሞ ፊትህን አታጨማድድበት። ልጅ ነው።"

በማግስቱ ምሳ ቋጥራለት መጣች። "አንተ ልጅ፣ በልተሃል?" ስትለው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ "አም ስታርቪንግ" ብሎ ተቀበላት። ምስር ወጡን ጠርጎ በላ። የምሳ ዕቃዋን ግን አልመለሰም። ጠየቀችው፤ "ማይ ካር" አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቀው የትኛው የምሳ ዕቃ እንደሆነ ረስቷል። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችውም።

ዓመቱ እንዲህ ሄደ። ሄሊኮፕተር ከላይ የሚያንዣብብበት ትልቅ አደጋ ከሆነ እምሩ ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰደርያው ከሩቅ ያበራል። ከፍሪዌይ ድልድይ ሥር ድንኳን ውስጥ እግሩ የበሰበሰ ሰው ከሆነ ግን "ሪሰርች" አለብኝ ይልና መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ የሺሃረግ አንድ ትንፋሽ ያጠራት ሴትዮ ይዛ፣ መድኃኒቱን ከተፈቀደው መጠን በላይ ለመጨመር በሬዲዮ ፈቃድ ጠየቀችው። መልስ ከመስጠቱ በፊት የፕሮቶኮሉን፣ ማለት የሕክምና መመሪያውን፣ ገጽ ቁጥር እንድትነግረው ጠየቃት። ነገረችው። እሱ ገጹን እስኪያገኝ ሆስፒታል ደርሰን ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ዝርዝሩ ነበር። ስልኩ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሊሠራቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች ተጽፈዋል፤ ትምህርቱ የሚጠይቀውም አለ፣ እሱ ራሱ ለክብሩ የጨመረውም አለ። አንዱን በሠራ ቁጥር ምልክት ያደርግበታል። ኤፕሪል ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ትንፋሽ የተዘጋበትን ሰው የአንገቱን ፊት በምላጭ ቀዶ ቱቦ ማስገባት። ይህ ነገር ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ የሚደረግ የመጨረሻ ሙከራ ነው። የሺሃረግ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሠራችው። እሱ ግን ምሳ ጠረጴዛ ላይ እንደ ልደት ስጦታ ያወራው ነበር።

"አይ ጀስት ኒድ ዋን" አለ አንድ ቀን።

"አንድ ምን?" አለችው የሺሃረግ።

በጣቱ አንገቱ ላይ መስመር አሳየ።

"እንግዲህ አንድ ሰው ታንቆ እንዲመጣልህ ሻማ እናብራልህ?"

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ሰውየው መጣለት። ቀኑ ዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ወር ጾሞ ሥጋ የናፈቀው የቴሌግራፍ አቬኑ ሐበሻ ሁሉ ምግብ ቤቶቹን ሞልቷል። ጋሽ ገረመው የሚባሉ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ድሮ ታክሲ ነጂ ኋላም የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የነበሩ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ቤት ቁርጥ አዝዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ይጫወቱ ነበር። እየበሉ ሲስቁ አነቃቸው። ጓደኞቻቸው ጀርባቸውን ቢደበድቡ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ከኋላ አቅፋ ሆዳቸውን ብትጫን አልወጣም። ወደቁ።

እኛ ስንደርስ የእሳት አደጋ ሰዎች ቀድመው ደረታቸውን እየተጫኑ ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል። የሺሃረግ ራስጌያቸው ተንበረከከች፤ እኔ የኦክስጅኑን ከረጢት ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ "ስቴፕ ባክ! ስቴፕ ባክ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እምሩ ነው። ሰደርያውን ለብሷል፣ ጓንት አጥልቋል፣ ምላጩን ከነመያዣው አውጥቶ በእጁ ይዟል። የሰውየውን አፍ ከፍቶ አላየም። ምን እንደሆኑ ማንንም አልጠየቀም። እንደ አራጅ ወደ አንገታቸው ብቻ ነው የሄደው።

"ዶክተር፣ አንዴ ጉሮሮውን ልየው" አለችው የሺሃረግ። "አሥር ሰከንድ ስጠኝ።"

"ኖ! አም ዘ ፊዚሺያን ሂር!"

"አውቃለሁ። አሥር ሰከንድ።"

አልሰማትም። በግራ እጁ አንገታቸውን ይዳብስ ጀመር። ያን ጊዜ እጁን አየሁት፤ ቦታውን አላገኘውም። በዚህ አልንቀውም። የመጀመሪያ ቀን እኔም መንገዱ ጠፍቶኛል። ግን የጠፋበት ሰው "እርጂኝ" ይላል። እሱ ምላጩን አሳረፈ፤ መሀሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ትልቁ የደም ሥር ወደሚሄድበት። ቆዳውን ጫር ሲያደርገው ደም መጣ።

የሺሃረግ አልገፋችውም፣ አልጮኸችም። የሰውየውን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ አንገታቸው ከምላጩ ሥር ወጣ። ባለ መብራቱን ብረት አፋቸው ውስጥ አስገብታ ምላሳቸውን አነሳች። በሌላው እጇ ረጅሙን መቆንጠጫ ከእኔ ተቀበለች። የአውራ ጣት የሚያህል ሥጋ ቆንጥጣ አወጣች።

ሁለት ሦስት ጊዜ በከረጢቱ አየር ሰጠናቸው። መጀመሪያ ከንፈራቸው፣ ቀጥሎ ጉንጫቸው ቀለሙ ተመለሰ። ከዚያ ራሳቸው ተነፈሱ። ወይዘሮ ወርቅዬ "ኧረ እመብርሃን!" ብላ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። እምሩ ምላጩን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ዙሪያውን አየ፤ ሰው ሁሉ እያየው እንደሆነ ሲገባው "ጉድ ጆብ፣ ቲም" አለ። ሆስፒታል በር ላይ ደግሞ ሥጋውን ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ በስልኩ ከሦስት በኩል ፎቶ አነሳው።

በሦስተኛው ቀን የሺሃረግን አለቆች ጠሯት። እምሩ ክስ ጽፏል። በቦታው የነበረውን ሐኪም ትእዛዝ ጥሳለች፤ ሊሠራ የነበረውን ሕክምና አሰናክላለች፤ የበሽተኛውን ሕይወት ለአደጋ አጋልጣለች። ጉዳዩ እስኪጣራ በሽተኛ እንዳትነካ ተባለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ጣቢያ ተቀምጣ አምቡላንሶቹ ላይ ፋሻና ጓንት እንድትሞላ ታዘዘች። ሞላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እምሩን "እርስዎ" ትለው ጀመር።

"ዶክተር፣ እርስዎ የሚወዱት ጓንት እዚህ ጋ አለልዎት።"

ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ ያለን ሐበሾች በሰማናት ቁጥር አንገታችንን ደፋን። እሱ ግን ማክበሯ መስሎት "ታንክ ዩ" እያለ ፈገግ ይልላት ነበር።

አሁን ስለ ራሴ የምናገረው አለ፤ ስለሌላው ብቻ አውርቼ ዝም ብል ከእሱ አልሻልም። ምስክር ተብዬ ተጠየቅሁ። ያየሁትን ሁሉ አይቻለሁ። ግን በዚያ ሰሞን ነርሲንግ ትምህርት ቤት አመልክቼ ነበርና እምሩ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶልኛል። "ኦክስጅን እያዘጋጀሁ ስለነበር የተባለውን በደንብ አልሰማሁም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። የሺሃረግ ወረቀቱን አሳይተዋት ነበር። በማግስቱ ስንገናኝ እንደወትሮው "ደህና አደርክ?" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ "እርስዎ" ትለኝ ይሆን ብዬ ስሳቀቅ ዋልኩ። አላለችኝም። ለእሱም የበቃሁ አልመሰልኳትም።

በሜይ መጨረሻ ሳን ሆሴ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ዝግጅት ነበር። በየዓመቱ ከሞት የተረፉ ሰዎችና ያዳኗቸው ሠራተኞች የሚገናኙበት የምሳ ግብዣ ነው። ሐኪሞች ንግግር ያደርጋሉ፣ ፎቶ ይነሳል። እምሩ የጋሽ ገረመውን ነገር አቀረበ። ትልቁ ስክሪን ላይ ያቺ ሥጋ እንደ ተራራ ገዝፋ ታየች። ሁሉንም ነገር "ዊ" እያለ ተናገረ፤ "እኛ አየን፣ እኛ ወሰንን፣ እኛ አወጣን"። የሺሃረግ አልተጠራችም፤ ያን ሰዓት ጣቢያ የበሽተኛ መጫኛ ጋሪ እያጠበች ነበር። እኔ ተጋብዤ ከኋላ ጠረጴዛ ዶሮ እበላለሁ።

ከዚያ ጋሽ ገረመውን ወደ መድረክ ጠሯቸው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ልጃቸው ሉሊት ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። እምሩ ሊያቅፋቸው እጁን ዘረጋ። ጋሽ ገረመው ማይክራፎኑን ተቀበሉ፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጀምረው ተውት፤ በአማርኛ ቀጠሉ።

"ዶክተር፣ በምላጭ ሊያርዱኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት?"

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የምንሰማው አራት አምስት ብንሆን ነው። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"እኔ አላየሁም፤ ወርቅዬ ናት የነገረችኝ። ይቺን ጭረትም በመስታወት አየኋት።" ክራቫታቸውን ላላ አድርገው አንገታቸውን አሳዩ። "ያዳነችኝ አጭር ሴትዮ ናት አሉኝ። ላመሰግናት መጥቼ ነበር። የታለች?"

እምሩ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ጆሮው ሲቀላ ከኋላ ታይቶኛል። ግን ፈገግ አለና ወደ ሕዝቡ ዞሮ በእንግሊዝኛ "በጣም አመስጋኝ ነኝ፣ ሕይወቴን አትርፈህልኛል ነው የሚሉት" ብሎ ተረጎመ። ሰዉ አጨበጨበ። አንዳንዱ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ጋሽ ገረመው ጭብጨባው ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩ።

ሉሊት እንደ እምሩ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። ለአባቷ በእንግሊዝኛ ስትመልስላቸው ሰምቻታለሁ። ግን የሚሰማ ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። ማይክራፎኑን ከአባቷ እጅ ወሰደች።

"ዛት ኢዝ ናት ዋት ማይ ፋዘር ሴድ" አለች። ከዚያ አባቷ ያሉትን አንድም ሳታስቀር ተረጎመች፤ አንገታቸውንም በጣቷ አሳየች። "ምግብ ቤቱ ካሜራ አለው" ብላ ጨረሰች። "ማየት ለሚፈልግ ወይዘሮ ወርቅዬ አስቀምጣዋለች።"

ጭብጨባው ከፊት ጠረጴዛ እየጀመረ ወደ ኋላ ሞተ። የፌሎዎቹ ትምህርት ኃላፊ፣ ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሐኪም፣ የፊት ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ተነስታ ወደ ሉሊት ሄደችና ስልክ ቁጥሯን ተቀበለች። እምሩን አላየችውም።

ሰኞ ዕለት ቪዲዮውን ሦስት ሰዎች አብረው አዩት። ማክሰኞ እኔን ጠሩኝ። "አሁን ትዝ ይልሃል?" አለችኝ ኃላፊዋ። ትዝ አለኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ካሜራ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ሰው ምስክር አይባልም፤ በቀቀን ነው። ስናገር እሷም የምታየኝ እንደዚያ ነበር። ደብዳቤውን ሁለተኛ አልጠየቅሁም፤ በዚያ ዓመትም ትምህርት ቤት አልገባሁም።

ክሱ ተሰረዘ። ኃላፊዋ ራሷ ጣቢያ ድረስ መጥታ የሺሃረግን ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀቻት። የሺሃረግ ቆማ አዳመጠቻትና "ጋሪዎቹ ንጹሕ ናቸው" አለች። በዚያው ሰዓት ቦርሳዋን አንስታ ወደ አምቡላንሱ ወጣች።

እምሩን ያባርሩታል ብለን ጠብቀን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ግን በቀላሉ አይባረርም፤ ብዙ ሰው ደክሞበታል፣ ብዙ ፊርማ አለበት። የቀረውን አምስት ሳምንት ከየሺሃረግ ጋር ሦስተኛ ሰው ሆኖ እንዲወጣ፣ ቦርሳ እንዲሸከም፣ እሷ ሳትፈቅድ እጁን በበሽተኛ ላይ እንዳያሳርፍ ተወሰነበት። ለሥራው የተሰጠው ነጭ መኪና ተወሰደ። ሰደርያውን አልከለከሉትም፤ እሱ ራሱ ከሁለት ቀን በኋላ አውልቆ መጣ። አፕታውን በሚባለው ሰፈር ሊፍቱ የተበላሸ ባለ ስድስት ፎቅ አፓርትመንት አለ። ኦክስጅኑንና ማሽኑን ተሸክሞ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ ስድስተኛ ፎቅ ሲደርስ፣ የሺሃረግ በሽተኛዋ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ይዛ ታወራት ነበር። ሴትዮዋ የወደቀች አሮጊት ናት፤ የተሰበረ ነገር የላትም፤ የሚያነሳት ሰው ብቻ ነው ያጣችው።

"ዛትስ ኢት?" አለ እምሩ እያለከለከ።

የሺሃረግ ቀና ብላ አየችው። "አዎ ዶክተር፣ ይኸው ነው። ሥራው ይኸው ነው። በዚያ በኩል ብብቷን ይያዙልኝ።"

ያዘ። አነሱ። ሴትዮዋ "ጋድ ብለስ ዩ" ስትላቸው የሺሃረግ ቆማ ውሃ ሰጠቻት፤ እሱ ሰዓቱን አየ።

በጁን የመጨረሻ ቀን ኬክ ይዞ መጣ። ስሙ የተጻፈበት፣ የራሱ መሰናበቻ ኬክ። ሌላ ስቴት ውስጥ የአንድ ካውንቲ ምክትል የሕክምና አለቃ ሆኖ መቀጠሩን ነገረን፤ ሁለት መቶ ፓራሜዲክ በሥሩ ይሆናል። ሁሉንም ሰው እየዞረ ጨበጠ። የሺሃረግ ጋ ሲደርስ ሁለት እጇን ያዘና በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጎ፣ ከአንቺ ብዙ ተምሬአለሁ አላት።

"ምን ተማሩ?" አለችው።

ጥያቄው ይመጣል ብሎ አላሰበም። አንድ ነገር ፈልጎ ጣሪያውን አየ፣ ኬኩን አየ፣ እኔን አየ። እኔ አልረዳሁትም። ስልኩ ጮኸ፤ "አይ ሃቭ ቱ ቴክ ዚስ" ብሎ ወጣ። ከበር ውጭ ሲስቅ ይሰማን ነበር።

የሺሃረግ ቢላዋ አንስታ ኬኩን ቆራረሰች፤ ለእሳት አደጋ ሰዎቹም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም አደረሰች። እሷ ግን አልቀመሰችም። ሬዲዮው ጠራን፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፣ ወንድ፣ ደረቱን አሞታል፣ ከዚህ አራት መንገድ። እኔ መሪውን ያዝኩ። እሷ ጓንቷን እያጠለቀች ከጎኔ ተቀመጠችና "በስንተኛው ጎዳና ነው ያሉት?" አለች።